ለስልኩ የሚተወውና በአካል የሚቀረው

የገላን ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች፣ በአቃቂ ቃሊቲ ትምህርት ቤቶችና የሙያ ማሠልጠኛዎች የምታስተምሩ መምህራንና አሰልጣኞች፣ ዛሬ እዚህ ለመድረስ አብዛኞቻችሁ ከየብሎካችሁ ወርዳችሁ ጥቂት ከመራመድ ሌላ ድካም አልነበረባችሁም ብዬ እገምታለሁ። በሥራ ቀን ግን ነገሩ ሌላ ነው። የቀላል ባቡሩ ሐዲድ ቃሊቲ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ የታክሲና የአውቶቡስ ነው። ገላን የሚኖር ሰው ርቀትን የሚቆጥረው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በታክሲ ቅያሪና በሰልፍ ርዝመት ነው። መገናኛ ወይም አራት ኪሎ ጠዋት 2፡30 ላይ ለሚጀመር ሥልጠና ከዚህ የሚነሳ መምህር ገና ሳይነጋ ደረጃ መውረድ አለበት። ለዚህ ሰው «ዘንድሮ ሥልጠናው በኦንላይን ነው» ሲባል የምሥራች ቢመስለው አይፈረድበትም።

የዛሬው ንግግሬ ዓላማ የምሥራቹን መመርመር ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ሌሎችን የሚያሠለጥን ሰው ራሱ ሲሠለጥን፣ ከሥልጠናው የትኛው ክፍል ወደ ስልክና ወደ ኮምፒዩተር ይሂድ? የትኛውስ ሰው ከሰው ፊት ለፊት ተገናኝቶ ይሥራው? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። የሚነገረው ሁሉ በስልክ ሊሄድ ይችላል፤ ሲሠራ ታይቶ የሚታረመው ግን በአካል መቅረት አለበት፤ እሱም በሆቴል አዳራሽ ከሚሆን ሠልጣኙ በሚያስተምርበት ክፍል ቢሆን ይሻላል። በመጀመሪያ ከራሳችን የትምህርት ታሪክ ጥቂት እጠቅሳለሁ፤ ከዚያ የጥናት ማስረጃ አቀርባለሁ፤ ቀጥሎ የሚነሡብኝን ተቃውሞዎች አንድ በአንድ አያለሁ። በመጨረሻም እዚህ ሰፈር ቢሠራ ምን ሊመስል እንደሚችል እገልጻለሁ።

የአሰልጣኞች ሥልጠና ሲባል በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው ሥዕል የታወቀ ነው። አምስት ቀን፣ አንድ አዳራሽ፣ ግድግዳው ላይ የሚበራ ፕሮጀክተር፣ ደብተርና እስክሪብቶ የያዘ ቦርሳ፣ የሻይ ዕረፍት፣ በቡድን ተከፋፍሎ ፍሊፕ ቻርት ላይ መጻፍ፣ በመጨረሻው ቀን ሰርተፊኬትና ፎቶ። የሠለጠኑት ሄደው ሌሎችን ያሠለጥናሉ፤ እነዚያም ሌሎችን። ይህን «ካስኬድ» እንለዋለን። ከላይ የፈሰሰው ውሃ ታች ሲደርስ ምን ያህል እንደሚቀር የምታውቁት እናንተ ናችሁ። አሁን በየቦታው «ጥምር ሥልጠና» የሚባል ነገር መጥቷል። በበይነ መረብና በገጽ ለገጽ የሚሰጠውን ማዋሐድ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ውሕደቱ በቀን ቆጠራ ይሠራል፦ ሦስቱ ቀን በዙም፣ ሁለቱ ቀን በአዳራሽ። ያው ፓወርፖይንት ግድግዳ ላይ ከመብራት ይልቅ ስልክ ላይ ይበራል። በእኔ እምነት ይህ ማዋሐድ አይባልም። መከፈል ያለበት የሥራው ዓይነት ነው፤ ቀኑ ከዚያ በኋላ ራሱ ይከፈላል።

ይህ አከፋፈል ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ግኝት እንዳይመስላችሁ። የቅኔ ቤትን አስቡ። ጉባኤ ቃና የጀመረ ተማሪ ቀኑን ሙሉ መምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ አይውልም። ቆጠራ ይወጣል፤ ከጫካ ጥግ ወይም ከዛፍ ሥር ብቻውን ሆኖ ቃል ከቃል፣ ቤት ከቤት ሲያገናኝ ይውላል። ያን ሰዓት መምህሩ ቢኖር ምንም አይጨምርለትም፤ እንዲያውም ያውከዋል። ሲመለስ ግን ነገራ አለ። የቆጠረውን በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ይናገራል፤ መምህሩ ይሰማል፤ ቤት የሰበረበትን፣ ምሥጢር የሳተበትን ያርማል። ብቻ ሊሠራ የሚችለው ብቻ ይሠራል፤ ሰሚ የሚያስፈልገው ሰሚ ፊት ይቀርባል። ለእኛ ርእስ ይበልጥ የሚቀርበው ደግሞ በዜማ ትምህርት ያለው የማስመስከር ሥርዓት ነው። ድጓ ብዙ ቦታ መማር ይቻላል። የድጓ መምህር ሊሆን የፈለገ ሰው ግን ደቡብ ጎንደር ወርዶ ቤተልሔም ማስመስከር አለበት፤ ለዝማሬ መዋሥዕት ደግሞ ዙር አምባ አለ። ተማሪ ለመሆን መንገዱ ሰፊ ነው፤ አስተማሪ ለመሆን ግን አንድ በር አለ፣ በዚያም በር የሚገባው በአካል ተገኝቶ፣ ዜማውን አሰምቶ ነው። ያ ሥርዓት የጸናው ሌላ አማራጭ ስለጠፋ አይመስለኝም። ድጓው በብራና ላይ ከነምልክቱ ተጽፎ ይዞር ነበር፤ ጽሑፍ ብቻውን መምህር እንደማያደርግ ግን የታወቀ ነበር።

ወደ ዘመናዊው ትምህርት ስንመጣ ሁለት ተቃራኒ ምሳሌዎች አሉን። አንደኛው ፕላዝማ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽና ማብቂያ ላይ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከሳተላይት በእንግሊዝኛ የሚተላለፍ ትምህርት ተዘረጋ። በአገር ደረጃ የወጣበት ገንዘብም የታሰበበት ዓላማም ትልቅ ነበር፦ ገጠር ያለው ተማሪና አዲስ አበባ ያለው ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት በአንድ ሰዓት እንዲያገኙ። መምህሩ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያጠቃልላል፤ መሐሉ የቴሌቪዥኑ ነው። ቴሌቪዥኑ ደግሞ አይጠብቅም። ተማሪው ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱ ይመጣል። ፕላዝማን ብዙ ሰው የሚወቅሰው በእንግሊዝኛው ፍጥነትና በመብራቱ መቆራረጥ ነው፤ ወቀሳው እውነት ነው። ዋናው ስሕተት ግን እነሱ ላይ አልነበረም። የተማሪውን ፊት አይቶ ፍጥነት የመቀየር ሥራ፣ ይህም ሰው ብቻ የሚችለው ሥራ፣ ለማሽኑ ተሰጠ፤ ለመምህሩ የቀረለት ማሽኑ ሊሠራው የሚችለው ማስተዋወቅና ማጠቃለል ነበር። ሥራው በግልባጭ ተከፈለ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከጤናው መስክ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ደረጃ ወደ አራት ለማሳደግ ሲታሰብ አንድ ከባድ ችግር ነበር። በየቀበሌው ያሉት ሁለት ናቸው፤ አንዷን ለረጅም ጊዜ ኮሌጅ ማስገባት ማለት የቀበሌውን ጤና ኬላ በግማሽ መዝጋት ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር፣ የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ፣ አምሬፍና ዩኒሴፍ ተባብረው 13 ሞጁሎች አዘጋጁ። ከቅድመ ወሊድ ክትትል እስከ ክትባት፣ ከሥነ ምግብ እስከ አካባቢ ጤና ያለው በትንንሽ ክፍለ ጊዜ ተከፋፍሎ፣ አንባቢዋ ራሷን የምትፈትንበት ጥያቄ እየገባበት ተጻፈ። ባለሙያዋ ንባቡን እዚያው በሥራዋ ላይ እያለች ታነባለች፤ የእጅ ሥራውን፣ ለምሳሌ የነፍሰ ጡርን ሆድ ዳስሶ የፅንሱን አቀማመጥ መለየትን፣ ከአጠገቧ በቆመ ባለሙያ ፊት ትለማመዳለች። ሞጁሎቹ በበይነ መረብም በነፃ ተለቀዋል፤ ኔትወርክ በሌለበት ደግሞ ወረቀቱ ይበቃ ነበር። ወረቀትም ሆነ ስክሪን፣ ማንም ሰው «ሆድ መዳሰስን በንባብ እንጨርሰው» አላለም። እኛ መምህራን ማስተማርን በንባብ እንጨርሰው የምንለው ለምንድን ነው?

ለመምህራን ተብሎ የተሠራም አለን። በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ መምህራን ከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም አንድ ዓመት የሚፈጅ ነበር፤ መምህሩ ከሥራው ሳይወጣ በየሳምንቱ እየተገናኘ ይማራል፣ የሥራ ባልደረባውን ክፍል ገብቶ ያያል፣ የራሱን ችግር በተግባራዊ ምርምር ያጠናል፣ ማኅደር ያዘጋጃል። ማኅደሩ በኋላ በብዙ ቦታ ወረቀት ወደ መሰብሰብ ወረደ የሚለው ሐሜት መሠረት የለውም አልልም። አጥንቱ ግን ትክክል ነበር፦ ማዕከሉ የሠልጣኙ የራሱ ክፍል ነው። ከዚያ ኮሮና መጣ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የዚያን ጊዜ ጥድፊያ በኦንላይን ማስተማር የሚችል መምህር ምን ያህል እንደሚያንሰን አሳየ። ዛሬ ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ከሻያሾኔ ጋር የያዘው ኢ-ሺ የተባለ የኦንላይን ትምህርት ፕሮግራም 50 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን፣ 35,000 መምህራንንና 800,000 ተማሪዎችን ለመድረስ ያለመ ነው። ቁጥሩ የሚያስደንቅ ነው። ፕሮግራሙን ወደፊት የምለካው ግን ስንት መምህር ኮርሱን ጨረሰ በሚለው ሳይሆን ከጨረሱት ውስጥ የስንቱን ክፍል ሰው ገብቶ አየው በሚለው ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ከታሪክ ነው። ወደ ጥናቱ ልለፍ። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው የጥናቶች ጥናት ጥምሩ ትምህርት ከገጽ ለገጹ ብቻ የተሻለ ውጤት እንዳለው አገኘ። ይህን ሪፖርት ሁሉም ይጠቅሰዋል። ብዙዎች የሚዘሉት አጥኚዎቹ ራሳቸው ያስቀመጡትን ማሳሰቢያ ነው፦ በጥምሩ የተማሩት ብዙ ጊዜ ተጨማሪ የጥናት ጊዜና ተጨማሪ መማሪያ ነበራቸው፤ ስለዚህ ብልጫው የኢንተርኔቱ ነው ማለት አይቻልም። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርቡን ሁለት የደቡብ አፍሪካ ሙከራዎች ናቸው። በመጀመሪያው፣ በሰሜን ምዕራብ ግዛት፣ 180 ትምህርት ቤቶች በዕጣ ተመደቡ። የአንዱ ወገን መምህራን የትምህርት ዕቅድና መጻሕፍት ተሰጥቷቸው አዳራሽ ተጠርተው ሠለጠኑ። የሌላው ወገን መምህራን ያንኑ ዕቅድና ያንኑ መጻሕፍት አገኙ፤ ዋናው ድጋፍ ግን ክፍላቸው ድረስ እየመጣ የሚያያቸው አሠልጣኝ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የልጆቹ ንባብ ሲለካ በአሠልጣኝ የተጎበኙት መምህራን ልጆች ያሳዩት ለውጥ በአዳራሽ የሠለጠኑት መምህራን ልጆች ካሳዩት እጥፍ ያህል ሆነ። ወረቀቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ሰው ክፍል መግባቱ ነው።

ታዲያ አሠልጣኙ በታብሌትና በስልክ ቢሆንስ? ሁለተኛው ሙከራ ይህንኑ ጠየቀ፤ ቦታው ምፑማላንጋ፣ ትምህርቱ እንግሊዝኛ ነበር። ከአንደኛው ዓመት በኋላ በስልክ በሚደወልላቸውና በአካል በሚጎበኙት መምህራን መካከል ያን ያህል ልዩነት አልታየም። እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ «በቃ፣ ስልኩ ይበቃል፣ ርካሽም ነው» ተብሎ ይዘጋ ነበር። ሦስት ዓመት ሲሞላ ግን በአካል የተጎበኙት መምህራን ልጆች በእንግሊዝኛ ንግግርም በንባብም ተሻሽለው ተገኙ። በስልክ የተደወለላቸው መምህራን ልጆች በንግግር ትንሽ ተሻሽለው፣ በንባብ ምንም ሳይለወጡ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ንባብ ደግሞ ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። ይህን ውጤት ደጋግሜ የማስበው በአንድ ምክንያት ነው። የሥልጠና ግምገማዎቻችን ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በሚሞላ መጠይቅ ያበቃሉ። ልዩነቱ ሦስት ዓመት ጠብቆ የሚወጣ ከሆነ በአምስተኛው ቀን ምን ልናይ እንችላለን?

በአካል ገብቶ የሚያይ ሰው የሚያየው ምንድን ነው የሚል ካለ አንድ ትንሽ ነገር ላቅርብ። መምህሩ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ጽፎ ይጨርሳል፤ ዞር ይልና «ገባችሁ?» ይላል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። መምህሩ ሰሌዳውን ያጠፋል። ይህ በአገራችን በቀን ስንት ሺህ ጊዜ ይሆን የሚደረገው? ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ታዛቢ ግን በዚያች ቅጽበት መምህሩ ሊያየው የማይችለውን ያያል፦ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለችው ልጅ «አዎ» ያለችው ደብተሯ ባዶ እያለ ነው፤ ከኋላ ያሉት ሁለቱ አፋቸውን ብቻ ነው ያንቀሳቀሱት። ስለ ምዘና የተዘጋጀ አሪፍ ቪዲዮ «ገባችሁ ብላችሁ አትጠይቁ» ይላል፤ መምህሩም ቪዲዮውን አይቶ ፈተናውን ሙሉ ያገኛል፤ በማግስቱ ክፍል ገብቶ «ገባችሁ?» ይላል። ስንፍና አይደለም፤ የለመደው አፉ ነው። የሚቀየረው አንድ ሰው ከክፍሉ በኋላ ዛፍ ጥላ ሥር ይዞት ቁጭ ብሎ «ዛሬ 11 ጊዜ ገባችሁ አልክ፤ አንድም ልጅ አልገባኝም አላለህም» ሲለው ነው። የሙያ ማሠልጠኛዎቹም እንዲሁ ናቸው። የብየዳ ንድፈ ሐሳብ፣ የኤሌክትሮድ ዓይነትና የአምፔር ሠንጠረዥ በስልክ ሊጠና ይችላል። ብየዳ የሚያስተምረውን ሰው የምናውቀው ግን ሠልጣኙ ኤሌክትሮዱን አጣምሞ ሲይዝ፣ ድምፁ ተቀይሮ መንጣጣት ሲጀምር፣ አሠልጣኙ ዝም ብሎ እጁን በእጁ ይዞ ማዘንበሉን ሲያስተካክልለት ነው።

ለማነጻጸር የሚረዳ የሙሉ ኦንላይን ምሳሌም አለን። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በበይነ መረብ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ በዚህም ቅር አልሰኝም። ኮድ ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም፤ ስሕተቱን ኮምፒዩተሩ ራሱ ይነግርሃል። አራሚው ማሽኑ ውስጥ ስላለ ሰው ባይኖርም ይታረማል። የማስተማር ሥራ እንዲህ ያለ አራሚ የለውም። «አዎ!» ያለው ክፍል ስሕተቱን አይናገርም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። የመጀመሪያው የታወቀው ነው፦ ኔትወርክ የለም፣ መብራት ይጠፋል፣ ዳታ ውድ ነው። ሁሉም እውነት ነው። ይህ ግን በቀጥታ የሚተላለፍ የዙም ስብሰባን እንጂ ሁሉን አይነካም። የ10 ደቂቃ ድምፅ በቴሌግራም ተልኮ፣ ሰው ዋይፋይ ያገኘበት ቦታ አውርዶ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሊሰማው ይችላል፤ ስማርት ስልክ ለሌለው ደግሞ የታተመ ሞጁል ይሰጠዋል፣ እንደ ጤና ኤክስቴንሽኖቹ። ይበልጥ የሚከብደኝ ብዙ የማይነሳው ሁለተኛው ተቃውሞ ነው፦ «በራስህ ጊዜ» የሚባለው ጊዜ የማን ነው? ስቱዲዮ ቤት ውስጥ ከሁለት ልጆች ጋር የምትኖር መምህርት እራት ሠርታ፣ ልጆች አስተኝታ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ሞጁል ክፈቺ ሲሏት ሥልጠናው ከአዳራሽ ወደ እንቅልፏ ተዛወረ እንጂ አልቀለለላትም። ለዚህ መልሱ የንባቡን ሰዓት የሥራ ሰዓት ማድረግ ነው። ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ፣ ተሙማ የምንለው፣ ለመምህር በዓመት 60 ሰዓት እንዲመደብ በመመሪያ ተቀምጧል። ያ ሰዓት በወረቀት ከሚሞላ የኦንላይኑ ንባብ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በተሙማ ሰዓት ይነበብ። ይህ ካልተደረገ እኔም ከአዳራሹ ወገን ነኝ።

ሦስተኛው፣ «ሰው ቪዲዮውን ከፍቶ ትቶት ይሄዳል፣ ፈተናውን ለሌላ ሰው ያሠራል» የሚለው ነው። ይሆናል። አዳራሽ ውስጥም ጠዋት ፈርሞ ከሻይ ዕረፍት በኋላ የማይታይ ሰው እንዳለ አዘጋጆች ያውቃሉ። ለሁለቱም ማጣሪያው አንድ ነው፦ ሰርተፊኬቱ ከፊርማም ከፈተናም ተነጥሎ፣ ታይቶ በተመሰከረለት ክፍለ ጊዜ ይሰጥ። ሌላ ሰው ልኮ ክፍል ማስተማር አይቻልም። አራተኛው አበል ነው፤ በሹክሹክታ ስለሚነገር ጮክ ብዬ ልናገረው። የመምህር ደመወዝ የት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ የአምስት ቀን አበል የወሩን አስቤዛ የሚሸፍንበት ቤት አለ። ሥልጠናውን ወደ ኦንላይን ማዞር ለአዘጋጁ ቁጠባ፣ ለሠልጣኙ ግን የገቢ መቀነስ ሊሆን ይችላል፤ መምህሩ ኦንላይኑን ሲጠላ ቴክኖሎጂ ፈርቶ ነው ብለን አንሳለቅበት። ገንዘቡ አይወሰድበት፤ ቦታው ይቀየር። ለአዳራሽ ኪራይ፣ ለምሳና ለቦርሳ የሚወጣው ለታዛቢው መጓጓዣና ለታየው ክፍለ ጊዜ ክፍያ ይዋል።

እንግዲህ ይህ እዚህ ቢሠራ ምን ይመስላል? የጉድኝት ማዕከል የሚባለው አደረጃጀት አስቀድሞ አለን፤ ተቀራራቢ ትምህርት ቤቶች በአንድ ጉድኝት ይሰባሰባሉ፣ ሱፐርቫይዘርም አላቸው። ከገላንና ከቱሉ ዲምቱ አካባቢ 20 አሠልጣኞች አሉ እንበል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ንድፈ ሐሳቡ በድምፅና በአጭር ቪዲዮ ይላካል፤ በተሙማ ሰዓት ይሰማል፤ ጥያቄ ያለው በቴሌግራም ቡድኑ ይጽፋል። ከዚያ አንድ ቀን ብቻ፣ እዚሁ በእግር በሚደረስበት ትምህርት ቤት፣ ሁሉም ይገናኛል። በዚያ ቀን ፕሮጀክተር አይበራም፤ እያንዳንዱ 10 ደቂቃ ያስተምራል፣ በስልኩ ይቀረጻል፣ ጓደኞቹ ያርሙታል። የቀረው ዓመት የክፍል ጉብኝት ነው፤ ሁለት ሁለት ሆነው እየተጠባበቁ፣ በወር አንድ ጊዜ። በጉብኝቶቹ መካከል ስልኩ ይረዳል፤ ያዩትን ለመቀጠል፣ የተቀረጸውን መልሶ ለማየት። ከክፍለ ከተማው የሚመጣው ሱፐርቫይዘርም ቼክ ሊስት ሞልቶ እንዳይሄድ፣ ከኋላ ወንበር ሲቀመጥ በደብተሩ አንድ መስመር አስምሮ በግራ በኩል መምህሩ የጠየቀውን ጥያቄ፣ በቀኝ በኩል የመለሰችውን ልጅ ስም ብቻ ይጻፍ። ክፍሉ ሲያልቅ ያችን ገጽ ቀዶ ለመምህሩ ይስጠው።

ጥያቄዎቻችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ፤ በተለይም ከአበሉ ጀምሩ።